የበረዶው ገንዘብ

«እርስዎ ነዋሪ ነዎት ወይ?» አለ በስልኩ ውስጥ ያለው የወጣት ድምፅ።

አልጣሽ ሁለቱም እጆቿ በበርበሬ ስለተለወሱ ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ መካከል አጣብቃ ነበር የያዘችው። «አለሁ እንጂ። ምነዋ፣ ሞተች ተብሎ ተወራ?»

«ኧረ እንዲያ አይደለም፣ እትዬ አልጣሽ። እዚህ ቀበሌው ውስጥ ይኖራሉ ወይ ማለቴ ነው።»

«አንተ ማነህ?»

«ላቀው ነኝ፣ የቀበሌው ሥራ አስኪያጅ።»

«በየዓመቱ ግብሬን ተቀብለህ ደረሰኝ የምትሰጠኝ አንተ አይደለህ? ቡሬ እንዳለሁ ጠፍቶህ ነው?»

«አልጠፋኝም። ግን ከራስዎ አፍ ስማ ተብያለሁ።»

ዙሪያዋን ተቀምጠው በርበሬ የሚቀነጥሱት ሴቶች ሳቁ። አንዷ «በይ እንግዲህ፣ መኖርሽን ምስክር ቆጥረሽ አስመዝግቢ» አለቻት። አልጣሽም አብራ ሳቀች። ላቀው የደወለበትን ጉዳይ መናገር ሲጀምር ግን ሳቋ ቀስ እያለ ከፊቷ ጠፋ።

መስከረም መጨረሻ ላይ የወረደው በረዶ ከገበዝ ማርያም ወዲያ ያለውን ስንዴ ጨርሶት ነበር። መንግሥት ሰብሉ ለጠፋበት ነዋሪ የእርዳታ ገንዘብ ሲልክ፣ ስም ዝርዝሩን ያዘጋጁት ሰዎች ከመሬት ግብር መዝገብ ላይ ገለበጡት። እንዲህ ሆኖ ግብር እየከፈሉ ሌላ ቦታ ለሚኖሩ አራት ሰዎች ገንዘቡ በስሕተት ደረሰ፤ የሰው መሬት በእኩል፣ ምርቱን እየተካፈሉ የሚያርሱ አራት ነዋሪዎች ደግሞ ባዶ እጃቸውን ቀሩ። በስሕተት ከደረሳቸው ሦስቱ መጥተው፣ «ነዋሪ አይደለሁም» በሚለው ቅጽ ላይ ፈርመው ገንዘቡን መልሰዋል። የቀረችው አልጣሽ ናት።

ስልኩ ሲዘጋ በርበሬውን የሚቀነጥሱበት መጋዘን ባለቤት ሳቢሃ ከሚዛኑ አጠገብ ተነሥታ መጣች። ከሦስት ሳምንት በፊት በአልጣሽ ስልክ የገባውን መልእክት ያነበበችላት እሷ ነበረች፤ ዘጠኝ ሺህ ስድስት መቶ ብር።

«መልሽው» አለች ነገሩን ሰምታ። «የሰው ሐቅ ነው።»

«ገንዘቡን መች እምቢ አልሁ። የፈራሁት ፊርማውን ነው።» አልጣሽ እጇን በማዳበሪያ ከረጢት ጠረገች። «ነዋሪ አይደለሁም ብዬ ከፈረምሁ መሬቱን ለሥራ አጥ ይሰጡታል። ባንተአምላክ ሲመጣ ምኑ ላይ ይቁም?»

ባንተአምላክ የአልጣሽ አንድ ልጅ ነው። አባቱ በሞተ በዓመቱ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ወረደ። አንድ ጊዜ ደውሎ «ለጥምቀት እመጣለሁ» አለ፤ ከዚያ ወዲህ ስድስት ጥምቀት አልፏል። አልጣሽ የበረዶውን ገንዘብ ሳትነካ ያስቀመጠችው ፎቶውን አሳትማ፣ ራሷ ሄዳ ልትፈልገው ነበር።

«ነገ ሂጂ» አለች ሳቢሃ። «የቀንሽን አልቆርጥብሽም።»

በማግስቱ ማለዳ በሚኒባስ ፍኖተ ሰላም ደረሰች፤ ከዚያ ገበዝ ማርያም በአውቶቡስ፤ ከዚያ ወዲያ በእግሯ። ወደ መንደሩ የሚያስወጣውን ዳገት ስትጨርስ መሬቷን አየችው። ስንዴው ሰው የተኛበት ይመስል ተነጥፎ ጠቁሯል። የባሏ ታናሽ ወንድም ስመኘው ያንን በማጭድ እየሰበሰበ ለበሬዎቹ ይከምራል። መሬቱን በእኩል የሚያርስላት እሱ ነው።

«እንኳን ደህና መጡ፣ የከተማ ሰው» አላት ቀና ብሎ።

«እንኳን ደህና ቆየኸኝ። ምን ተረፈ?»

«ለእኛ ምንም። በሬዎቹ ግን በረዶውን እያመሰገኑ ነው።»

ልትስቅ ሞከረች። «አንተስ ስንት ደረሰህ?»

«ለእኔ? እኔ ግብር ከፋይ መች ነኝ። መሬቱ በእርስዎ ስም ነው።» ማጭዱን መሬት ላይ አኖረ። «ከቀሩት ከአራቱ አንዱ ነኝ። ለሦስቱ ደርሷቸዋል።»

አልጣሽ የተነጠፈውን ስንዴ ተመለከተች። የእሱ ላብ ላይ ለወረደው በረዶ የተከፈለችው እሷ መሆኗን ስልኩ ላይ አልገባትም ነበር፤ አሁን ገባት።

«አምለሰትስ?» አለች ስለ ሚስቱ።

«አለች። ድንች ትቀቅላለች፤ ድንች እንበላለን። በእኔ የተነሣ ግን እንዳይፈርሙ። መሬቱ ከሄደ እኔም አርሼ የምበላው የለኝ።»

«ና፣ አብረኸኝ ሂድ» አለችው።

የቀበሌው ጽሕፈት ቤት አንድ ክፍል ነው። ላቀው ሲያያት ከወንበሩ ተነሥቶ አስቀመጣት፤ ስመኘው ደጃፉ ላይ ቆመ። ላቀው ቅጹን አውጥቶ ጮክ ብሎ አነበበላት፤ እስክሪብቶውን ግን አላነሣም። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እትዬ አልጣሽ፣ ሌላ መንገድ አለ። እዚህ ጋ፣ በቦታው ላይ የሚኖር የቤተሰብ አባል የሚል ቦታ አለ። ባንተአምላክን ነዋሪ ነው ብዬ ልጻፈው። ገንዘቡም አይመለስ፣ መሬቱም አይነካ።»

«ነዋሪ ነው ብለህ?»

«አዎ።»

«ውሸት ነው ቢሉህስ?»

«ማን መጥቶ ይጠይቀናል?»

«ራሱ ነዋ» አለች አልጣሽ። «መጥቶ፣ ሳልኖር ለምን ኖረ ብላችሁ ጻፋችሁ አይልህም?»

ላቀው ዓይኑን ከቅጹ ላይ አላነሣም። ስመኘው ጀርባውን ሰጥቷት ሜዳውን ያያል። አልጣሽ አንዱን፣ ከዚያም ሌላውን አየች። ከሁለቱ አንዳቸው «አዎ፣ እሱስ ይላል» እንዲል ጠበቀች። ከውጭ በሬ የሚነዳ ሰው ድምፅ መጣና ራቀ።

«ስመኘው።»

«አቤት።»

«የሰማኸው ነገር አለ?»

«ምንም የሰማሁት የለም። ማርያምን።»

«እኔን ለምን አታየኝም ታዲያ?»

ዞሮ አያት። ዓይኑ ቀልቷል። «ምን ብዬ ልይዎት?» አለ።

አልጣሽ ነጠላዋን አስተካከለች። መንደሩ ሁሉ መቼ ተስፋ እንደ ቆረጠ አታውቅም፤ ምናልባት በሁለተኛው ዓመት፣ ምናልባት በሦስተኛው። በየዓመቱ ግብሯን ልትከፍል ስትመጣ «አይዞሽ፣ ይመጣል» ያሏት ሁሉ ሲያዝኑላት ኖረዋል። ላቀውም አሁን የልጇን ስም ልጻፍልሽ የሚላት አዝኖላት ነው።

«አትጻፈው» አለች።

«እትዬ፣ መሬቱ እኮ...»

«ነዋሪ አይደለም።»

ድምፅዋ እንደ ወትሮው ነበር። ቃሉን ከተናገረችው በኋላ ግን ጠረጴዛውን በሁለት እጇ ያዘች፤ ላቀውም ውኃ ሊያመጣላት ወጣ። ሲመለስ ውኃውን አልጠጣችም። አውራ ጣቷን ቀለም ውስጥ ነክራ ራሷ ቅጹ ላይ አሳረፈችው። ገንዘቡን ላቀው በስልኳ መልሶ ላከው።

«በሳምንት ውስጥ ይደርስሃል» አለው ለስመኘው።

ስመኘው ምስጋናውን ለማን እንደሚያቀርብ ጠፍቶት ቆመ። «ቤት ይግቡ እንጂ» አላት። «አምለሰት ትቀየማለች።»

«ሌላ ጊዜ። አሁን መሄጃ አለኝ።»

አውቶቡሱ የሚመጣው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስለነበር ጊዜ ነበራት። ወደ መንደሩ ቤተ ክርስቲያን ወጣች። መምሬ ወልደ ገብርኤልን ከቅጽሩ ጥግ ፀሐይ ሲሞቁ አገኘቻቸው፤ ባንተአምላክን ያጠመቁት እሳቸው ናቸው። መስቀላቸውን ተሳልማ አጠገባቸው ተቀመጠችና ለልጇ ፍትሐት እንዲያደርጉላት ለመነች።

መምሬ ወልደ ገብርኤል ብዙ አልጠየቋትም። ከኪሳቸው ትንሽ ደብተር አወጡ። የክርስትና ስሙን ነገረቻቸው፤ ጻፉ።

«ያረፈበት ቀን መቼ ነበር?» አሏት።

አልጣሽ የነጠላዋን ጫፍ ወደ ፊቷ ሳበች።

«ዛሬ ይበሉት፣ አባ» አለች።

መምሬ ወልደ ገብርኤል ኅዳር ዐሥራ ስድስት ብለው ጻፉ። አልጣሽ ያን ቀን ወደ ቡሬ አልተመለሰችም፤ ስመኘው ቤት አደረች። ፍትሐቱ በማግስቱ ጠዋት ተደረገ።