የጠማቂው አፍንጫ

ባሌ ወይን ጠማቂ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ድስቴን እየከፈተ ያሸትና፣ «ይሄ ከወይኔ ጋር አይሄድም!» ብሎ ምግቤን ይደፋዋል። አንዴ እናቴ ፊት ደፋው። ሆድ ይፍጀው ብዬ ወለሉን ጠረግኩ።

አምና ክፉ ጉንፋን ይዞት ከዚያ ወዲህ ማሽተት አቃተው። ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። ገዢ ሊመጣ ሲል በርሜሉን ቀድሜ አሸትና ሹክ እለዋለሁ፤ እሱ ብርጭቆውን እያሽከረከረ የነገርኩትን የራሱ አድርጎ ያወራል።

ዛሬ ጠዋት አንዱ በርሜል ሻግቶ፣ የሞተ አይጥ ይሸት ነበር። «ግሩም ነው! እንጆሪ እንጆሪ ይላል» አልኩት።

ገዢዎቹ ፊት ብርጭቆውን አፍንጫው ሥር ይዞ ዓይኑን ጨፈነ።

«የጥቁሩ ወይናችን ነው። እንጆሪው ሸተታችሁ? ከበግ ጥብስ ጋር ጣት ያስቆረጥማል!»

አንዷ አፍንጫዋን ያዘች። ሌላው የተጎነጨውን እንትፍ አለው። ከዚያ እየተሳሳቁ ወጡ።

ባሌ ወደ እኔ ዞረ።

«ምን በደልኩሽ?»

ከዚያው በርሜል ብርጭቆውን ጢም አድርጌ ሞልቼ አቀበልኩት።

«አሽትተህ ንገረኛ!» አልኩት።