ከጠበል ስትወጣ የምትለብሰው

ባሕር ማዶ፣ ስኮትዴል በምትባል ከተማ ባለው የቤተክርስቲያን አዳራሽ ውስጥ አልጋነሽ ቁጭ ብድግ ትላለች። ክርስትና የምታነሳት ሕፃን ከጠበል ስትወጣ የምትለብሰውን ያመጣችው እሷ ናት። የሕፃኗ እናት ሉሊት ግን ቀሚሱን ገና ስታየው ፊቷ ጠቆረ።

«እትዬ አልጋነሽ፣ ይሄ እኮ ፒጃማ ነው! ፎቶግራፈር ቡክ አድርጌያለሁ።»

«ኦርጋኒክ ጥጥ ነው። የተባይ መድኃኒት ሳይረጭበት የበቀለ።»

«ታዲያ ልጄ ልትበላው ነው?» ብላ ሉሊት በፈርጥ የሚያብለጨልጭ የጥጥ ቀሚስ ከቦርሳዋ አወጣች።

አልጋነሽ ደግሞ ብድግ አለች። «አዋሽ ጥጥ ስናርም አውሮፕላን መድኃኒቱን እላያችን ላይ ይረጭ ነበር። እህቴ ሳሉ ሳይለቃት ሞተች። የሰው ሳምባ የበላ ጥጥ እኔ በእጄ አላለብሳትም። ካልሆነ ሌላ ክርስትና እናት ፈልጊላት!»

ካህኑ ተጣሩ። ሉሊት የሚያብለጨልጨውን ቀሚስ ቦርሳዋ ውስጥ መልሳ፣ «ነይ እንግዲህ፣ ፒጃማሽን ያዢ» አለቻት።