አራተኛዋ እጢ

ሦስቱ ተገኝተዋል፤ አራተኛዋ ግን የውሃ ሽታ ሆናለች። የአልትራሳውንድ ባለሙያዋ መመርመሪያውን በሽማግሌው አንገት ላይ ሽቅብ ቁልቁል እየገፋች ስክሪኑ ላይ አፍጥጣለች። በጤነኛ ሰው አንገት ውስጥ ምስር የሚያክሉት እነዚህ አራት እጢዎች፣ ኩላሊታቸው ደክሞ ዓመታት በዲያሊሲስ፣ በደም እጥበት፣ በኖሩት ሰውዬ ላይ አብጠው አጥንታቸውን እየበሉት ነው። በቅርቡ ከአልጋ ስለወረዱ ብቻ ጭናቸው ተሰብሯል። ነገ ቀዶ ሐኪሙ አንገታቸውን ይከፍታል። አንዷ ከቀረች መብላቷን አትተውም፤ አንዴ የተከፈተን አንገት እንደገና መክፈት ደግሞ ከእሳት ጋር መጫወት ነው።

ስልኳ ጮኸ። ሐኪሙ ነው።

"ሦስት ናቸው በይና ጨርሺው እንጂ!"

"ትንሽ ታገሠኝ" ብላ ዘጋችው። "አባባ፣ እንዳይናገሩ። ምራቅም አይዋጡ።"

ጨው ተው ሲሏቸው የተዉ፣ ውሃ ቀንስ ሲሏቸው የቀነሱ ሰው ናቸው፤ ይህንንም እሺ ብለው ድርቅ ብለዋል። ልጃቸው እግርጌ ተቀምጣ የውሃውን ጠርሙስ አቅፋለች። የአባቷን ውሃ በጉንጭ የምትሰፍር ጨካኝ ናት። ምን ታድርግ፤ አንድ ጊዜ ሳንባቸው ውሃ ሞልቶ ልትቀብራቸው ደርሳ ነበር።

ሽማግሌው በመጨረሻ አልቻሉም።

"አንቺ ጠንቋይ፣ ያላገኘሽውን ፈልጊ፤ እኔ ግን ጉሮሮዬ ደርቆ ልሞት ነው።"

"የዛሬው ውሃ አልቋል አባዬ" አለች ልጃቸው።

የባለሙያዋ እጅ ቀጥ አለ። ሰው ሲውጥ ምስሉ ስለሚናጋ "አይዋጡ" ማለት ልማዷ ነው። ከደረት አጥንት ጀርባ የተሸሸገች እጢ ብቅ የምትለው ግን ሲዋጥ፣ ጉሮሮ ወደ ላይ ሲስባት ነው። በሩን በገዛ እጇ ዘግታ ስታንኳኳ ቆይታለች። አፈረች።

"አባባ፣ እስቲ ይዋጡ።"

ሞከሩ። የደረቀ ጉሮሮ እምቢ አለ።

"ውሃ ስጫቸው።"

"ሳንባውስ?"

"አንድ ጉንጭ ብቻ፣ እህቴ!"

ልጅቷ ጠርሙሱን ከፍታ አጠጣቻቸው። ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነው ውሃውን በአፋቸው ያዙት፤ ሳስተውለት ነው።

"ይዋጡት እንጂ!"

ዋጡት። ከአጥንቱ ጥግ ባቄላ የምታህል ጥቁር ነገር ብቅ አለችና ተመልሳ ሰመጠች።

"አመለጠችኝ! አንዴ ይድገሙልኝ።"

ልጅቷ ጠርሙሱን ወደ አፋቸው አስጠጋች። እንባዋ ይወርዳል።

"ከነገው ላይ ነው የምቀንስብህ።"

"ቀንሺ ልጄ" አሉ፤ "ብቻ ነገ ይኑረኝ።"

ዋጡ። ባለሙያዋ ምስሉን ያዘችውና ስልኩን አነሣች።

"አራት ናቸው።"