ቤቱ እንግዳ ሊሸኝ ሄዷል

መዲና ይመር በሐምሌ አጋማሽ፣ ማክሰኞ ቀን፣ ደሴ መናኸሪያ ከአውቶብስ ስትወርድ የተወለደችበት ቤት ሊቀበላት መጥቶ ቆሞ አገኘችው። ባለ ሦስት ክፍል የጭቃ ቤት ነው፤ በሩ አረንጓዴ፣ ቆርቆሮው በአንድ ወገን የዛገ። በባጃጆቹና በተሸካሚዎቹ መካከል፣ ሰው እንዳይገፋ ግድግዳውን ሰብሰብ አድርጎ ነበር የቆመው። ዝናብ ስለነበር አሥራ ምናምን ሰው ከጣሪያው ሥር ተጠልሏል።

«ምነው ተቸገርክ? እኔው እመጣ አልነበር?» አለችው።

ቤቱ በሩን ገርበብ አድርጎ መልሶ ዘጋው። መዲናም መቃኑን በቀኝ ሳመች፣ በግራ ሳመች፣ ደግሞ በቀኝ። ከዚያ ሻንጣዋን ልትይዝ ስትል ቤቱ ቀድሟት በረንዳው ላይ አወጣው። «ኧረ ተው፣ ቀላል ነው» ብትለው አልሰማትም።

መዲና የምትኖረው ሀዋሳ ነው፤ መድኃኒት ቤት ውስጥ ትሠራለች። እናቷ ከሞተች ወዲህ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ደሴን አልረገጠችም። አሁንም የመጣችው ለጨዋታ አልነበረም። ታላቅ ወንድሟ ከማል ቤቱን ሊሸጥ ተስማምቷል፤ ገዢው አፍርሶ ፎቅ ሊሠራበት ነው፤ የቀረው የእሷ ፊርማ ብቻ ነው። አርብ በሦስት ሰዓት የመሬት ለኪ መጥቶ ይለካል፣ እሷ ትፈርማለች፣ ትመለሳለች። የውሉ ቅጂ ሻንጣው ውስጥ ነው። ሻንጣውን ደግሞ ቤቱ ራሱ ተሸክሞ ፊት ፊት ይሄዳል። መዲና እንደዚያን ቀን ያፈረችበት ጊዜ ትዝ አይላትም።

ፒያሳ ሲደርሱ ትራፊክ ፖሊስ ፊሽካውን ነፋ።

«ይሄ ሰሌዳ የለውም?»

«አለው» አለች መዲና፤ በሩ ላይ የተመታውን የቤት ቁጥር አሳየችው። ሁለት መቶ አሥራ ሰባት ይላል።

ፖሊሱ ቁጥሩን ጠጋ ብሎ አየና ረካ። «መንገዱ ያንሸራትታል፤ ቀስ እያላችሁ» ብሎ አሳለፋቸው።

ሰፈር ሲደርሱ ጎረቤታቸው አያ ሙሄ፣ ጡረታ የወጡ ግንበኛ፣ ቤቱ የተነሣበት ባዶ ቦታ ላይ በርጩማ አኑረው ጃንጥላ ይዘው ተቀምጠዋል።

«ቶሎ መጣችሁ። አህያ ሊያስሩበት የመጡትን ሦስቴ መልሻለሁ» አሉ።

«አያ ሙሄ፣ በዚህ ብርድ ተቀምጠው!»

«ምን ላድርግ ልጄ! እሑድም ሄደ፣ ሰኞም ሄደ፤ ቀኑን ተሳስቶ። ሲመሽ አኩርፎ ይመለሳል። እኔማ አንጀቴን በላው።»

ቤቱ፣ ዶሮ እንቁላሏ ላይ እንደምትቀመጠው፣ ወዲያ ወዲህ እያለ ተመቻችቶ መሠረቱ ላይ ቁጭ አለ። መዲና ቁልፉን አውጥታ ገባች። ውስጡ እንደነበረ ነው፤ አልጋው፣ ወንበሩ፣ መንገዱን የሚያየው መስኮት። እናቷ በክረምት መስታወቱ ጉም ሲይዝ የስኒ ማስቀመጫ የምታህል ክብ ብቻ በመዳፏ ጠርጋ፣ በእሷ አጮልቃ የሚመጣውን ሰው ታይ ነበር። ሙሉውን ጥረጊው ሲሏት «ብርዱ ያየኛል» ትላለች። መዲና ይህ ትዝ አላትና ብቻዋን ሳቀች፤ ከዚያ ሻንጣውን አልጋው ሥር ወሸቀችው።

ረቡዕ አብሮ አደጓን ሰዓዳን ልትጠይቅ ወጣች። ግማሽ መንገድ ሄዳ ዞር ብትል ቤቱ ይከተላታል። «ግባ፣ ሰው ያያል» አለችው። የት ይግባ? እሷም የተናገረችው ገብቷት ሳቋ አመለጣት፤ ተያይዘው ሄዱ።

ሰዓዳ ደጅ ወጥታ ጓደኛዋን አገላብጣ ሳመች። ከዚያ ለቤቱም ወጉን አላጓደለችበትም።

«ግባ እንጂ አንተ! ምን ደጅ ያስቆምሃል?»

ቤቱ አልገባም። የሰዓዳ ቤት ከእሱ በሁለት ክፍል ያንሳል። ሰዓዳ መላ አላጣችም፤ ቆሎዋንና ሻይዋን ይዛ እሱ ውስጥ ገብታ ተቀመጠች። እንግዳው አስተናጋጅ፣ አስተናጋጇ እንግዳ ሆነው ማን ማንን እንደጠየቀ ጠፋባቸው። ሰዓዳ እዚያው ውስጥ እንደተቀመጠች ስትሸኛቸው ደግሞ ቁልቁለቱ ጭቃ ነበርና ተንሸራተቱ፤ ሦስቱም። ሻዩ አልፈሰሰም። መዲና በሳቅ ብዛት ጎኗን ይዛ ወለሉ ላይ ቀረች፤ እንደዚያ ከሳቀች ስንት ዘመኗ!

ሐሙስ ከሰዓት ከማል ደወለ።

«ፈረምሽ?»

«ነገ ነው።»

«ቤቱ ውስጥ ብዙ አትቀመጪ። ሆድሽ ይባባል።»

«እሺ» አለች። ሆዷ ከባባ ሁለት ቀኑ ነው።

ስልኩን ስትዘጋ ዝም ብላ መቀመጥ አቃታት። ውሉን ከሻንጣው አውጥታ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ለቤቱ አነበበችለት። «ቤቱ እንዲፈርስ ተስማምቻለሁ» የሚለው ላይ ስትደርስ ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች።

«የከማል ልጅ ታማለች። ለሕክምናዋ ነው። እንቢ ልለው አልችልም፤ አንተንም እንዲህ ላደርግህ አልፈልግም። እንግዲህ ነገርኩህ» አለችው።

ቤቱ ከምርጊቱ ትንሽ ጭቃ አረገፈ። ዝናቡ ሲመለስ ግን በራስጌዋ በኩል የነበረችውን ፍሳሽ ወደ ሌላኛው ጥግ አዞረላት፤ መዲናም በዚህ አለቀሰች።

አርብ ማለዳ ቤቱ እሷን እንደያዘ ተነሣ። «ገና ነው እኮ፣ የምፈርመው በሦስት ሰዓት ነው!» ብትለው አልቆመም፤ እንግዳ ቀኑ ከደረሰ ይሸኛል፤ ወግ ነው። ሁለት ሰዓት ላይ መናኸሪያው በር አወረዳት።

መዲና ቤቱን ብቻውን ወደዚያ ባዶ ቦታ መስደድ አልሆነላትም። «ና፣ እኔም ልሸኝህ» አለችው። ፒያሳ ሲደርሱ ቤቱ ቆመና ዞረ፤ አሁን ተራው የእሱ ነው። መናኸሪያው ጋ ሲደርሱ እሷ ዞረች። እዚያ አገር የሚዋደዱ ሰዎች በአንድ ሽኝት አይለያዩምና ማንም አልገረመውም። አንድ ሊስትሮ ብቻ፣ አምስተኛው ላይ፣ «ዛሬ አትጨርሱም» አላቸው።

በዚህ መሃል ለኪው ሜትሩን ይዞ ሰፈር ደረሰ። አያ ሙሄ ኋላ እንደነገሯት ንግግሩ አጭር ነበር።

«ቤቱ የት አለ?»

«እንግዳ ሊሸኝ ሄዷል።»

«መቼ ይመለሳል?»

«ሽኝት ነው፤ ምን ይታወቃል።»

ለኪው ሥራው ያየውን መጻፍ ነው። ለካና በያዘው ውል ላይ «ባዶ መሬት» ብሎ ጻፈ። ከዚያ በአያ ሙሄ መሪነት ፊርማ ፍለጋ ወጣ፤ ፒያሳ ላይ ሰባተኛው ሽኝት ላይ ደረሱባቸው።

መዲና ወረቀቱን ሁለቴ አነበበችው። «ቤቱ እንዲፈርስ» የሚለው መስመር ተሰርዟል።

«ይሄ ለምን ተሰረዘ?»

«የሌለ ቤት አይፈርስም» አለ ለኪው። በዚህ ጊዜ የጣሪያው ውሃ አንገቱ ላይ ይንጠባጠብ ነበር፤ ቀና ብሎ አየ። «ይሄስ?»

«እሱ መንገደኛ ነው» አሉ አያ ሙሄ።

«መንገደኛ አልለካም» አለ ሰውየው፤ ጃንጥላውን አስተካከለ።

መዲና ወረቀቱን ቤቱ ግድግዳ ላይ አስደግፋ ፈረመች። ደስታዋ ልክ አጣ፤ አያ ሙሄን ሳመች፣ ለኪውን ሳመች፣ መቃኑን ሳመች። ለከማል ደወለች።

«ፈረምኩ።»

«አልሐምዱሊላህ! ቤቱስ?»

«እኔ ጋ ነው።»

አያ ሙሄ ይዘውት የመጡትን በርጩማ አነሡ። «አብሽሪ፣ አሁንማ የምጠብቀው የለኝም» ብለው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ቤቱ ግን የሚመለስበት ስላልነበረው የመሸኘት ተራ የማን እንደሆነ ግራ ገባቸው። መዲና በሩን ቆልፋ፣ ቁልፉን ጨብጣ፣ የኮምቦልቻ ሚኒባስ ውስጥ ገባች።

እናቷ ሰው ስትሸኝ እስከ ቦርከና ድልድይ ነበር። «ከዚህ ካለፍኩማ አብሬያችሁ መሄዴ ነው» ትልና ሚኒባሱ እስኪሰወር እዚያው ትቆማለች። ቤቱም ድልድዩ ጋ ሲደርስ ቆመ። ትንሽ አሰበ። ከዚያ ደፉን ከፍ አድርጎ ተሻገረ።

«የማን ቤት ነው የሚከተለን?» አለ ረዳቱ።

«የእኔ ነው» አለች መዲና። ይህን ቃል ስትለው የመጀመሪያዋ ነበር፤ ደስ አላት።

«ይጫናል እንዴ?»

«አይ፣ በእግሩ ነው የሚመጣው።»

ረዳቱ በሩን ዘጋ። ተሳፋሪው ሁሉ በኋላው መስታወት ሊያይ ዞረ፤ መዲናም ዞረች። መንገዱ ቁልቁል ይጠማዘዛል፤ ቤቱ በዝናቡ ውስጥ ኩርባ ኩርባውን እያቋረጠ ይመጣል። በሩ እንደተቆለፈ ነው። ቁልፉ በመዳፏ ውስጥ ሞቋል። የመስኮቱ መስታወት ግን ከዳር እስከ ዳር ጉም ይዞ ነበርና፣ ከውስጥ በኩል፣ የስኒ ማስቀመጫ የምታህል ክብ ቀስ ብላ ተጠረገች።