ያላለቀው ጎማ

ልብስ ሰፊዋ ሳይክሉን እየገፋች ጥገና ቤቱ ስትደርስ ፊቷ ጠቁሮ ነበር። ሳይክሉ የአባቷ ነው። አባቷ ዕድሜውን ሙሉ ደብዳቤ ሲያድል ኖሮ፣ ጡረታ ከወጣ በኋላም ከተማውን በሳይክል ማካለሉን አልተወም። ሰፈርተኛው ዛሬም «ፖስታው» ነው የሚለው። ችግሩ፣ አሁን አሁን መንገድ ይጠፋበት ጀምሯል። በቀደም ዕለት አደባባይ መሀል፣ መኪኖች ጡሩምባቸውን እያምባረቁበት፣ በየት በኩል እንደሚወጣ ግራ ገብቶት ቆሞ ሳለ፣ ትራፊክ ፖሊስ ነው እጁን ይዞ ቤት ያደረሰው።

«ንፋስ፣ በሞቴ አንድ ነገር ላስቸግርህ» አለችው ጠጋኙን። ጎማ ሲነፋ ስለሚውል ስሙ ንፋስ ከሆነ ቆይቷል። «ጎማውን ላሳይልህ ብዬ ነው ከአባዬ የተቀበልኩት። ከሰዓት ሊወስደው ሲመጣ አልቋል በለው። በዚህ ቁጥር ሌላ አይገኝም በለው።»

ንፋስ የኋላውን ጎማ አሽከረከረ፤ ጥርሱን ዳበሰ፤ ጎኑን ጨመቅ አድርጎ ስንጥቅ ፈለገ።

«እንዴ እህቴ፣ ይሄ እኮ ገና ነው! አባትሽ ፀሐይ ላይ አያውሉት፣ ነፋሱ ሳይሞላ አይነዱት፣ ጭነት አያበዙበት። ሌላው ሰው በዓመት የሚጨርሰውን እሳቸው ሦስት አራት ዓመት ይነዱታል።»

«እሱማ ጠፍቶኝ ነው? እኔን ያስፈራኝ የጎማው ማለቅ መሰለህ?»

ንፋስ የተቀባባ እጁን በጨርቅ ሲጠርግ ቆየና «እሺ» አለ፤ አፉ እሺ ይበል እንጂ ሆዱ እንዳልተቀበለው ያስታውቃል።

ከሰዓት አባትየው ከልጁ ጋር መጣ። ሳይክሉ አጠገብ ቁጢጥ ብሎ ጎማውን በአውራ ጣቱ ጫን ጫን አደረገው። «ደህና ነው፤ ገና ሁለት ክረምት ይወጣል» አለ።

«ላይ ላዩን ሲያዩት ነው አባባ» አለ ንፋስ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ። «ክሩ ከውስጥ በስብሷል። ቁልቁለት ላይ ቢፈነዳብዎትስ? በዚያ ላይ ቁጥሩ ከገበያ ጠፍቷል።»

ሴትየዋ አባቷ ሲቆጣ፣ ሲከራከር፣ ሌላ ጥገና ቤት ካልሄድኩ ሲል መልሱን አዘጋጅታ ነበር የጠበቀችው። እሱ ግን አውራ ጣቱን ከጎማው ላይ አንስቶ እንደ እንግዳ ነገር አየው።

«እኔ እኮ ደህና ነው ብዬ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «እንግዲህ እጄም ይዋሸኝ ጀመረ ማለት ነው።»

ሳይክሉን እዚያው ትቶ ከኋላዋ ተከትሏት ወደ ቤት ሄደ። እሷም በልቧ ተመስገን አለች።

እፎይታዋ ግን ብዙ አልቆየም። አባቷ ከዚያ ወዲህ ራሱን ማመን ተወ። በር ቆልፎ ጥቂት ይሄድና ተመልሶ ይገፋዋል። በገዛ እጁ ይላጭ የነበረው ሰውዬ ምላጩን ለሷ እያቀበለ «አንቺው ላጪኝ፣ እኔ ፊቴን እተለትለዋለሁ» ይላል። አንድ ጠዋት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ሲጠብቃት አገኘችው።

«ሸሚዜን ልክ ነው የቆለፍኩት?»

አንድም ቁልፍ አልተዛነፈም። «ልክ ነው አባዬ» ብላው ወደ ስፌት ክፍሏ ገባችና፣ ልቅሶዋ እንዳይሰማ ጨርቅ ያልገባበትን የስፌት መኪና በእግሯ ትረግጠው ጀመር።

ዓይኗን ጠራርጋ ተመለሰች። ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«አባዬ፣ ጎማው አላለቀም። ዋሽልኝ ያልኩት እኔ ነኝ። መኪና ይበላሃል ብዬ ነው፤ ፈርቼ ነው።»

«አላለቀም?»

«አላለቀም።»

«እና እኔ ልክ ነበርኩ?»

«ልክ ነበርክ።»

ፊቱ ደም ለበሰ። «የወለድኩሽ ልጅ! ከነነፍሴ ልትቀብሪኝ ነው?» ብሎ ጮኸባት። «ውጪልኝ ከዚህ!»

ወጣች። ቀኑን ሙሉ አላናገራትም። እሷ ግን ያንን ድምፅ ከሰማችው ስለቆየች፣ እየተሰደበችም ቢሆን ደስ አላት።

እሑድ ዕለት ንፋስ፣ ሴትየዋ ለምናው፣ ሳይክሉን ከሰፈሩ መጋዘኖች ጀርባ ወዳለው ባዶ ሜዳ አመጣላቸው። መኪና አይገባበትም። አባትየው እግሩን አንስቶ ወጣበትና ወገቡን ቀጥ አድርጎ ነዳ። ንፋስና ሴትየዋ ዳር ቆመው አዩት። ደውሉን እያቃጨለ በፊታቸው ሲያልፍ፣ ኩርፊያውን ረስቶት ነው መሰል፣ እጁን አውለበለበላት።

ሜዳውን ሁለት ሦስቴ ዞረና ከወዲያኛው ጥግ፣ ከቆርቆሮው አጥር ሥር፣ አንድ እግሩን መሬት አስነክቶ ቆመ። ጠበቁት። አልተመለሰም። ሴትየዋ ጫማዋን አውልቃ ሮጠች።

አጥሩ ላይ አፍጥጧል።

«የማን ቤት ነው ይሄ?» አላት። «ደብዳቤው የማን እንደሆነ ጠፋኝ።»

እጁ ላይ ምንም የለም።

«ዛሬ ደብዳቤ የለም አባዬ። ወደ ቤታችን ነው የምንሄደው።»

«በየት በኩል?»

«እኔ አሳይሃለሁ። በል ውረድ።»

አልወርድም አለ፤ መሪውን የሙጥኝ አለ። እሷም አልታገለችውም። ከኋላው ዞራ ወንበሩን በሁለት እጇ ያዘችና፣ እንዳይወድቅባት እየተጨነቀች፣ እየገፋች ትወስደው ጀመር። ንፋስ ከሩቅ አይቷቸው ሊያግዛት እየሮጠ መጣ።