ምክሬን ሁሉ የሰሙት እትዬ

ሰኞ ጠዋት የመምህራን ማረፊያ ክፍል ስገባ እትዬ መዝገብን የመምህራኑ የጋራ ላፕቶፕ ፊት ቆመው አገኘኋቸው። ወንበሩ ከኋላቸው ነበር፤ አልተቀመጡም። ቦርሳቸውም ገና ከትከሻቸው አልወረደም።

«ልጄ፣ መጣህልኝ?» አሉ ሳይዞሩ። «ና እስቲ እየው። ዓይኔ ነው እንዴ?»

ዓይናቸው አልነበረም። አስራ አንድ ሳምንት በሁለት ጣት እየለቀሙ ያስገቡት የመጨረሻው የክፍል ደረጃ ተማሪዎች ውጤት የለም። አራት ክፍል፣ መቶ ዘጠና ሦስት ተማሪ፣ ዘጠኝ የትምህርት ዓይነት። ፋይሉ የነበረበት ቦታ ላይ ባዶ ሰማያዊ ብቻ ይታያል።

እትዬ መዝገብ የሚለውን ቅጽል ስም ማን እንዳወጣላቸው የሚያስታውስ ሰው የለም። ሃያ ሰባት ዓመት የትምህርት ቤቱን የውጤት መዝገብ ይዘዋል፤ አንድም ቀን ቁጥር ሳቱ ተብሎ አያውቅም። ጡረታ ለመውጣት ሰባት ወር ቀርቷቸዋል። እኔ ደግሞ የኮምፒውተር ባለሙያው ነኝ፤ ለሦስት ትምህርት ቤት አንድ ሰው። ሰኞና አርብ እዚህ፣ በቀሩት ቀናት እዚያና እዚያ። የትም ብሄድ የሚጠብቀኝ አንድ ነው፤ የማይነሳ ማሽን፣ የጠፋ ቻርጀር፣ «ትናንት ይሠራ ነበር» የሚል ሰው።

ዓመቱ ሲጀመር ርዕሰ መምህሩ መምህራኑን ሰብስበው «ንብረታችንን እንዴት እንደምንይዝ ምክር ስጠን» ብለውኝ ነበር። ሁለት ገጽ ጽፌ አነበብኩ። የሒሳብ መምህሩ ፈተና ያርሙ ነበር። የስፖርቱ መምህር ክንዳቸውን ተንተርሰው አሸልበዋል። ደብተር አውጥተው የጻፉት እትዬ መዝገብ ብቻ ነበሩ፤ እንደ ተማሪ ቁጥር እየሰጡ። አንድ፣ ፍላሽ አታስገቡ፣ ቫይረስ ያመጣል። ሁለት፣ አንዱን ነገር ሁለት ቦታ አትመዝግቡ፤ ነገ ሁለቱ ሳይገጥሙ ቀርተው ያጣሏችኋል። ሦስት፣ መጠጥ ከማሽኑ አርቁ። እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ሁሉም ትክክለኛ ምክር ነው። ዛሬም ቢጠይቁኝ ትክክል ነው እላለሁ።

ከዚያ ባለፈው አርብ ክፍሉን ስዞር ላፕቶፑን ተከድኖ አየሁት። ነካ ሳደርገው ይሞቃል። «እትዬ፣ ክዳኑን መክደን እኮ መዝጋት አይደለም፤ ማሽኑ ይደክማል። ቢያንስ አርብ አርብ በደንብ ይዝጉት» አልኳቸው። «እሺ የኔ ልጅ» አሉና ያንኑ ደብተር ከቦርሳቸው አወጡ።

አሁን ወንበሩን ስቤ ተቀመጥኩ። ፋይሉን በስሙ ፈለግኩ፤ የለም። በቀን ፈለግኩ፤ የለም። ከዚያ ዓይኔ ወደ ታች፣ ከሰዓቱ አጠገብ ወደምትገኝ ትንሽ የቁልፍ ምልክት ሄደ።

ያችን ምልክት የማውቃት እኔ ብቻ ነኝ። ትምህርት ሳይከፈት የተማሪዎቹ ላብራቶሪ ውስጥ ባሉት ሃያ ስድስት ኮምፒውተሮች ላይ አንድ ፕሮግራም ጭኜ ነበር። ተማሪው ጨዋታ ይጫን፣ ፋይል ያጥፋ፣ የፈለገውን ያተራምስ፤ ማሽኑ ተዘግቶ ሲከፈት እኔ ወዳዘጋጀሁበት ቀን ይመለሳል። ለላብራቶሪ ከዚህ የበለጠ እረፍት የለም። የመምህራኑን ላፕቶፕም ያዘጋጀሁት ከላብራቶሪው ኮምፒውተር እንዳለ ገልብጬ ነው። ፕሮግራሙን ከላዩ ላነሳ ስል የርዕሰ መምህሩ ፕሪንተር ወረቀት ጎረሰ ተብዬ ተጠራሁ። ሄድኩ፤ ከዚያ በነጋታው ሌላ ትምህርት ቤት ነበርኩ፤ ረሳሁት።

ላፕቶፑ አስራ አንድ ሳምንት አልተዘጋም። ሁሉም ሰው እየከደነው ይሄድ ነበር። ስለዚህ ምንም አልጠፋም። አርብ ዕለት እትዬ መዝገብ በምክሬ መሠረት በደንብ ዘጉት። ሰኞ ሲከፍቱት ማሽኑ እንደታዘዘው ሁሉንም ረስቶ ተነሳ።

«ፍላሽ ላይ የለዎትም?» አልኩ፤ መልሱን እያወቅኩ።

«ፍላሽ አታስገቡ ብለህ የለ እንዴ?»

«መምህራኑ የሰጡዎት የውጤት ወረቀትስ?»

«ሁለት ቦታ አትመዝግቡ አልክ። እያስገባሁ ቀደድኩት።» ድምፃቸው ቀነሰ። «ምን ነክቼ ይሆን ልጄ? ሳልነካ አልቀርም። ጣቴ ወፍራም ነው።»

እርስዎ ምንም አልነኩም የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። በዚያው ቅጽበት ርዕሰ መምህሩ ገቡ። ሰውየው ክፉ አይደሉም፤ ግን ከበላይ ቢሮ በሚደወል ስልክ ኑሯቸው የሚናጥ ሰው ናቸው።

«ምን ተፈጠረ?»

«ውጤቱ ጠፍቷል» አሉ እትዬ መዝገብ። «እኔ ነኝ። አርብ ስዘጋው የሆነ ነገር ነክቻለሁ።»

«የሁሉም?»

«የሁሉም።»

ርዕሰ መምህሩ በሩን ተደግፈው ቆሙ። «ሐሙስ እንልካለን ብዬ ቃል ሰጥቻለሁ እኮ! እትዬ፣ ይህን ከዚህ በፊት ነግሬዎት ቢሆን ቅር ይልዎት ነበር፤ ግን ዕድሜ ዕድሜ ነው። በቃ፣ መዝገቡን ወጣት ሰው ይያዘው። ጉዳዩን ሳልጽፍ ማለፍ ደግሞ አልችልም፤ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ፋይልዎ ውስጥ ይገባል። ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ ቃልዎን በጽሑፍ ይዘው ይምጡ። አንተም የባለሙያ አስተያየትህን ትሰጣለህ።»

ወጡ። እኔም አፌን ይዤ ቀረሁ።

ለራሴ የነገርኩት ምክንያት ነበረኝ። ፋይሉን ቆፍሬ ካወጣሁት ጥፋተኛ የሚባል ሰው አይኖርም፤ ያኔ መናገርም አያስፈልግም። ሌላም ምክንያት ነበር፤ የሥራ ውሌ በወሩ መጨረሻ ይታደሳል፣ ወይም አይታደስም። የጠፋ ፋይል የሚፈልገውን ሶፍትዌር ከፈትኩና ማሽኑን ማበጠር ጀመርኩ። አስር በመቶ። አስራ ሁለት በመቶ። ስም የሌላቸው ቁርጥራጮች ይወጣሉ፤ ስከፍታቸው የማይነበብ ምልክት ብቻ።

እትዬ መዝገብ ከጠረጴዛው ማዶ ተቀምጠው ቃላቸውን ይጽፋሉ። እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ ሲሄድ ይሰማኛል። ትንሽ ይጽፋሉ፤ ያቆማሉ።

«ልጄ፣ አንተ የኮምፒውተሩን ቋንቋ ታውቃለህ። ምን ነካሁ ልበል?»

«ትንሽ ይቆዩ እትዬ። ገና እየፈለግኩ ነው።»

«አይ፣ አንተን ላስቸግርህ ብዬ አይደለም። ሰው እንዳይስቅብኝ ነው። የነካችውን እንኳ አታውቀውም እንዳይሉኝ።»

ሠላሳ አንድ በመቶ።

በእረፍት ሰዓት የስፖርቱ መምህር ፊሽካቸውን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ ብቅ አሉ። «እህሳ ዶክተር፣ በሽተኛው እንዴት አደረ?» አሉኝ። ነገሩን ሲሰሙ ሳቃቸው ፊታቸው ላይ ቆመ። ከዚያ ኪሳቸውን ዳበሱና ክዳኗ የጠፋ ፍላሽ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ጣሏት። «የእኔ ማርክ እዚህ አለ። አርባ ቫይረስም አብሮት አለ፤ ሁሉንም በሰላም አኑሬያቸዋለሁ። ምክር የማይሰማ መከራ ይመክረዋል ይላሉ፤ የሰማውን ደግሞ ማን እንደሚመክረው እንጃ!»

እትዬ መዝገብ ፈገግ ለማለት ሞከሩ። «አንተ ሥርዓት የለህም፤ ለዚህ ነው የተረፍከው» አሉ።

ስልካቸው ጮኸ። ልጃቸው ናት። ወደ መስኮቱ ዞረው ዝግ ባለ ድምፅ አወሩ። «የለም፣ ደህና ነኝ። ድምፄ ምን ሆነ? ... ሥራ ላይ ጥፋት አጥፍቼ ነው። ... እንዴት አትበይኝ፤ እኔም አላወቅኩትም። ... መዝገቡን ሊወስዱብኝ ነው መሰለኝ። ቢወስዱብኝም ምን አለበት፣ ሰባት ወር ነው የቀረኝ።» ስልኩን ዘግተው ጀርባቸውን እንደሰጡኝ ቆዩ። ሲመለሱ መነጽራቸው እጃቸው ላይ ነበር።

ሰባት ሰዓት ከሩብ ላይ ማሽኑ መቶ በመቶ አለ። የተገኘ ነገር የለም። ሁለት ጊዜ አየሁት። ምሳ አልበላሁም፤ ራሴን ያመኛል። የሚገርመው ያን ሰዓት የተሰማኝ ፍርሃት አልነበረም፤ ድካም ነው። ሸክም ይዞ ቆሞ ወዴት እንደሚያወርደው የማያውቅ ሰው ድካም።

ስምንት ሰዓት ላይ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ገባን። እትዬ መዝገብ ወረቀታቸውን በሁለት እጃቸው ሰጡ። ርዕሰ መምህሩ አነበቡት። አንድ ገጽ ሙሉ ነበር፤ መጨረሻው ላይ ፊርማ አለ።

«እሺ፣ የባለሙያው አስተያየትስ?»

«እሳቸው ምንም አልነኩም» አልኩ።

«አልገባኝም።»

«ላፕቶፑ ላይ ሲዘጋ ሁሉን የሚያጠፋ ፕሮግራም አለ። ለተማሪዎቹ ነበር። የጫንኩት እኔ ነኝ፤ ማንሳት ነበረብኝ፤ አላነሳሁም። አርብ ዝጉት ያልኳቸውም እኔ ነኝ። ፍላሽ አታስገቡ፣ ሁለት ቦታ አትመዝግቡ ያልኩትም እኔ። በዚህ ትምህርት ቤት ያልኩትን ሁሉ ያደረጉት እሳቸው ብቻ ናቸው።»

ርዕሰ መምህሩ ወረቀቱን አስቀመጡት። «ይህን መቼ ነው ያወቅኸው?»

«ጠዋት። እንደተቀመጥኩ።»

ይቆጣሉ ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ሰዓታቸውን አዩ። «ጠዋት ብትነግረኝ ኖሮ ታገኘዋለህ ብዬ አልጠብቅም ነበር፤ መምህራኑን እሰበስብ ነበር፤ ማን ማስታወሻ እንዳለው እናውቅ ነበር። ግማሽ ቀን በላህብኝ» አሉ፤ እንደደከመው ሰው።

የተቆጡት እትዬ መዝገብ ናቸው። ፊታቸውን ሙሉ በሙሉ ወደ እኔ አዞሩ።

«ከጠዋት ጀምሮ ታውቅ ነበር?»

«አዎ እትዬ።»

«ምን ነካሁ ልበል ብዬ ስጠይቅህም?»

«አዎ።»

«ለልጄ ስነግራትም እዚያው ነበርክ።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ፋይሉን ካገኘሁት ብዬ ...»

«ብታገኘውስ? ነክቻለሁ ብዬ እስክሞት ላምን ነበር?» አሉ። «መርሳት የሰው ነው፤ እኔም ቤቴ ምድጃ ለኩሼ እረሳለሁ። እያየኸኝ ያን ሁሉ ስጽፍ ዝም ማለትህ ግን ...» አልጨረሱትም። ወረቀቱን ከጠረጴዛው ላይ አነሱ፤ አራት እጥፍ አድርገው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። ርዕሰ መምህሩም አልከለከሏቸውም።

«ደብዳቤው ለአንተ ይጻፋል» አሉ ርዕሰ መምህሩ። «ስለ ውልህ በወሩ መጨረሻ እንነጋገራለን፤ አሁን ተስፋ አልሰጥህም። እትዬ፣ ጠዋት ስለ ዕድሜ የተናገርኩትን ...»

«እሱ ይቆይ» አሉ እትዬ መዝገብ። «መዝገቡስ?»

«መዝገቡ የእርስዎ ነው።»

«እንግዲያው መጀመሪያ በወረቀት ነው። ከዚያ እሱ ማሽኑ ላይ ይጽፋል። ሁለት ቦታ ይሆናል፤ ይሁን።»

እስከ ማግስቱ ጠዋት ፕሮግራሙን አንስቼ፣ ላፕቶፑን ሦስት ጊዜ ዘግቼ ከፍቼ ፈተንኩት። ወደ ሌሎቹ ሁለት ትምህርት ቤቶች ደውዬ ሁለት ቀን አልመጣም አልኩ፤ እዚያም የመምህራኑን ማሽን ማንም እንዳይዘጋ፣ ፋይሎቹንም ሌላ ቦታ እንዲገለብጡ ነገርኳቸው። ፕሮግራሙን ከሁሉም ላይ አንስቻለሁ ብዬ የምምልበት አፍ አልነበረኝም።

ማክሰኞ መምህራኑ ያላቸውን አመጡ። የሒሳቡ መምህር ንጹሕ ደብተር ነበራቸው። የታሪክ መምህሯ ግማሹን ስልካቸው ላይ ፎቶ አንስተዋል፤ ግማሹን አላነሱም። የኬሚስትሪው ምንም የላቸውም። ተማሪዎቹ የታረመ የፈተና ወረቀታቸውን ከቤት እንዲያመጡ ተነገራቸው። አመጡም፤ ተጨማዶ፣ ዘይት ነክቶት፣ አንዱ ጀርባው ላይ የስልክ ቁጥር ተጽፎበት። ያልተገኘው እንደገና ይፈተናል ተባለ። ተማሪዎቹ አጉረመረሙ፤ እውነት አላቸው።

እትዬ መዝገብ አዲስ መዝገብ በማስመሪያ አሰመሩ። እሳቸው በእስክሪብቶ ጽፈው ያነቡልኛል፤ እኔ አስገብቼ መልሼ አነብላቸዋለሁ፤ ከዚያ አጠገቡ ምልክት ያደርጋሉ። «ልጄ» አይሉኝም። ቁጥር ብቻ ነው የምንነጋገረው።

ረቡዕ ከሰዓት ሦስተኛው ክፍል ላይ ነበርን። ጣቶቼ ደንዝዘዋል። መስኮቱ ስር ተማሪዎች ኳስ ይለጋሉ፤ የስፖርቱ መምህር ፊሽካ ይሰማል።

«ሰባ አራት» አሉ።

«አርባ ሰባት» ብዬ አነበብኩ።

«ሰባ አራት። የልጁን ሃያ ሰባት ነጥብ የት ወሰድክበት?»

አስተካከልኩ። መልሼ አነበብኩ። ምልክት አደረጉ።

«እትዬ፣ ውሃ ጠጥቼ ልምጣ?»

ከመዝገቡ ቀና ብለው ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ። ከሰኞ ወዲህ ፊት ለፊት ሲያዩኝ የመጀመሪያው ነበር። ዓይናቸው ሥሩ ጠቁሯል፤ የእኔም ሳይጠቁር አይቀርም።

«ይህን ክፍል ጨርስና» አሉ። «አስራ ሁለት ልጅ ነው የቀረው። ቀጥሎ፣ ስልሳ ስድስት።»