የተጣመመው መስመር

ቀጥ ብሎ እንዲሄድ የታዘዘ መንገድ ለምን ይጣመማል? እስቲ እናንተ መልሱ።

መሐንዲሱ መልሱን አግኝቷል። "ሰክረህ ነው!" እያለ በቆራጮቹ አለቃ ላይ ይጮሃል። "ችካል ተክዬ፣ ገመድ ወጥሬ ሰጠሁህ። ይሄ ምንድን ነው? እባብ ነው?"

አለቃው እስከ ጉልበቱ ውኃ ውስጥ እንደቆመ ዞር ብሎ አየ። ለነዳጅ ቁፋሮው መኪኖች መግቢያ እንዲሆን ረግረጉን የሞላውን ደንገል እያስጨፈጨፈ የከፈተው መስመር እዚህ ወደ ግራ፣ እዚያ ወደ ቀኝ ይታጠፋል። እውነቱን ለመናገር፣ እሱም ልብ ያለው ገና አሁን ነው።

"አቀናዋለሁ፣ ኢንጂነር።"

"ነገ ከሕዝቡ ጋር ካለን ስብሰባ እንደወጣን ታቀናዋለህ። አለዚያ ማጭድ የሚይዝ ሰው ሞልቷል።"

ቤት ሲደርስ ሚስቱ ደጃፍ ተቀምጣ የደንገል ምንጣፍ ትጎነጉናለች። ረግረጉ አይቆፈርም ብለው ከተነሱት ሴቶች ዋናዋ እሷ ናት። ባሏ የኩባንያውን ቢጫ ሄልሜት ከደፋ ወዲህ እዚያ ቤት ሰላምታ እንኳ በቁጠባ ነው። ዛሬ ግን ገና ስታየው ሳቋ አመለጣት።

"መንገድህ ጠመመ አሉ፣ አለቃ።"

"አንቺም ጀመርሽ?"

"ቋጠሮ አይተህ ነዋ!"

"የምን ቋጠሮ? አላየሁም።"

"ዓይንህ ባያይ እጅህ አይቷል። እጅህን ገና አልቀጠሩትም ማለት ነው።"

በዚያ ረግረግ ዳር ያደገ ሰው የሽመላ ጎጆ ሲያገኝ አጠገቡ ያለውን የደንገል ጫፍ ይቋጥራል። ቋጠሮ ያየ ቆራጭ ደግሞ ጫጩቶቹ እስኪበርሩ ዞሮ ያልፋል። ከልጅነት የለመዱት ነገር ስለሆነ ማንም አያስብበትም። አለቃውና ጓደኞቹም ሳያስቡ ዞረው አልፈዋል።

ሰውየው ደጃፉ ላይ ተዘረፈጠ። "ካቀናሁት ጎጆው ያልቃል። ካላቀናሁት ሥራዬ ያልቃል።"

"እኔ አላዝህም" አለች፤ ሳቋ ጠፍቷል። "ነገ ግን ስብሰባው ላይ ወፍ የለም ሲሉ ቁጭ ብለህ ትሰማለህ።"

ወፍ የለም አሉ! የኩባንያው አጥኚ መድረክ ላይ ቆሞ "በአካባቢው ጎጆ የሚሠሩ አዕዋፍ አልተገኙም" ብሎ ሲያነብ ድምፁ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። ረግረጉን ያየው ውኃው ሲደርቅ፣ ያውም ከመኪና ሳይወርድ ነው። ይህን ጥናት ይሉታል! ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ በደንገል የኖሩ ሴቶች አዳራሹ ውስጥ ሲያጉረመርሙ የኩባንያው ሥራ አስኪያጅ ፈገግ አለ።

"እናቶች፣ ስሜታችሁ ይገባናል። ማስረጃ ግን የላችሁም።"

"መጥታችሁ ጎጆውን እዩዋ!" አለች የአለቃው ሚስት ከመቀመጫዋ ብድግ ብላ።

"ጥናቱ ተጠናቋል፣ እህቴ።" ሥራው እንዴት እንደተፋጠነ ለማሳየት ከአየር ላይ የተነሳ ትልቅ ፎቶግራፍ ከጀርባው ግድግዳ ላይ አስበራ። ያ መስመር ነው፤ ተጠማዞ፣ እንደገና ተጠማዞ።

አለቃው ከኩባንያው ሠራተኞች ጋር የፊት ረድፍ ላይ ተቀምጧል። ሚስቱን አየ፤ ፎቶግራፉን አየ። ከዚያ ተነሳ።

"ቁጭ በል!" መሐንዲሱ ክንዱን ያዘው።

ክንዱን አስለቀቀና ሄልሜቱን አውልቆ ወንበሩ ላይ አስቀመጠ። "መስመሩን የቆረጥኩት እኔ ነኝ።"

"እኔም አለሁበት" አለ ከኋላ አንድ ቆራጭ። ከጎኑ ያለውም ሄልሜቱን አወለቀ።

ሥራ አስኪያጁ ፈገግታውን ሳያጠፋ "ጥያቄ ካለ ቢሮ በጽሑፍ ይቅረብ" አለ።

"ቢሮ አልመጣም። የጠየቁት ማስረጃ ከጀርባዎ ነው፣ ዞር ብለው ይዩት። እዚሁ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ በዚያው ማይክሮፎን ይመልሱልኝ፤ ወፍ ከሌለ እኛ ምኑን ነው የዞርነው?"